የመማሪያ ክፍል ልማድና አዲስ መጤው ልጅ

በአረብ አገሮች ብዙ ትምህርት ቤቶች ቀኑ የሚጀምረው ተማሪዎች በግቢው ሲሰለፉ ነው፤ «ጣቡር» ይሉታል፣ እኛ የጠዋት ሰልፍ የምንለው ነው። የክፍሉ በር ከተዘጋ በኋላ ያለውን ሥርዓት ግን ወላጅ እምብዛም አያስተውለውም።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ጃኮብ ኩኒን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተዋጣላቸውን መምህራን ከሌሎቹ የሚለያቸው የቅጣታቸው ዓይነት ሳይሆን ጥፋት ሳይነሣ ክፍሉን የሚመሩበት መንገድ መሆኑን አሳይቷል።

ደንብና ልማድ ይለያያሉ። ደንብን የጣሰ ይቀጣል፤ ልማድን የዘነጋ ግን እንደገና ይለማመዳል እንጂ አይቀጣም። ደብተር የት ይሰበሰባል? ቀድሞ የጨረሰ ምን ይሠራል? መምህሩ እጁን ሲያነሣስ? እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቃል ከመነገር አልፈው በተግባር ታይተው፣ ተደጋግመው ይለመዳሉ። ጊዜ ማባከን የሚመስለው ይህ ልምምድ ዓመቱን ሙሉ ጊዜ ይቆጥባል።

ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጣና ዐረብኛ ለማይሰማ ልጅ ደግሞ መጠጊያው ነው። ቃሉን ባያውቅም ምልክቱን አይቶ ከጓደኞቹ እኩል ይነሣል፣ ይቀመጣል። ልማድ በሌለበት ክፍል ግን ትእዛዝ ሁሉ በየዕለቱ አዲስ ንግግር ነው፤ ያልገባው ልጅም እምቢተኛ ይባላል። ይህ ስም አንዴ ከተለጠፈ በቀላሉ አይለቅም።

ስለዚህ ወላጆች መምህሩን ስለ ውጤት ብቻ ሳይሆን ስለ ክፍሉ ልማዶችም ቢጠይቁና በቤት ቢያለማምዱ ይበጃል። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሐረግ «ሙምኪን አሩሕ አልሐማም?» ሲሆን፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ፈቃድ መጠየቂያ ነው።