የአሠልጣኝ ዓይን ከሠልጣኙ ላይ አይነሣ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

እንደ እኔው በመንግሥት ደመወዝ ለሚተዳደሩና ቀኑን በወንበር ላይ ለሚውሉ አንባብያን ይጠቅም እንደሆነ ብዬ፣ የደረሰብኝን አንድ ነገር ለመግለጽ በጋዜጣዎ ጥቂት ቦታ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በአዲስ አበባ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ። ቀን ቆሜ ሳስተምር፣ ማታ ጎንበስ ብዬ ደብተር ሳርም ወገቤ ስለ ታመመ፣ ሐኪም ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ መከረኝ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ ቢያንስ 2 ቀንም ጡንቻውን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። ስለዚህ በሰፈሬ ከሚገኝ ጂም ተመዘገብሁ፤ ብረት ማንሣት ስለማላውቅም ከደመወዜ ቀንሼ የግል አሠልጣኝ ያዝሁ።

አሠልጣኙ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ጨዋ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ወገቤ ሲጎብጥ «መምህር፣ ቀና ይበሉ» እያለ በሚገባ አሠራኝ። ከዚያ ወዲያ ግን ስልኩ ከመካከላችን ገባ። እኔ ብረቱን ሳነሣ እርሱ ይጽፋል፤ እኔ ላብ ሲያጠምቀኝ እርሱ ለብቻው ይሥቃል። «ስንት ደረስን?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እርስዎ አልቆጠሩም እንዴ?» ብሎ መልሶ ይጠይቀኛል። እኔም በይሉኝታ ዝም አልሁ፤ ዝምታዬም ጥፋት ነበረ።

አንድ ማክሰኞ ማታ በጀርባዬ ተጋድሜ ብረት ስገፋ፣ በስምንተኛው ላይ ክንዴ ከዳኝ፤ ብረቱም ደረቴ ላይ ተቀመጠ። በዚህ ዓይነቱ ሥራ የአሠልጣኙ ቦታ ከራስጌ ነው፤ ክንድ ሲደክም ብረቱን ይዞ የሚመልሰው እርሱ ነውና። የእኔው ግን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራ ነበር። ልጠራው ብሞክር ትንፋሽ አጣሁ። ሮጠው መጥተው ብረቱን ያነሡልኝ በአጠገቤ ብስክሌት ይረግጡ የነበሩ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ብረቱ ጥቂት ወደ አንገቴ ቢንሸራተት ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍ ባልተገኘም ነበር።

በቁጣ ወደ ኃላፊው ልሄድ ስነሣ፣ ሽማግሌው «ልጄ፣ አስቀድመህ ለራሱ ንገረው፤ እንጀራው ነው» አሉኝ። በማግሥቱ ልጁን ሻይ ጋብዤ ሁሉን ነገርሁት። አንገቱን ደፋ። ከምከፍለው ገንዘብ ለእርሱ የሚደርሰው ጥቂት መሆኑን፣ ኑሮውን ለመደጎምም በስልክ ሌሎች ሠልጣኞችን እንደሚፈልግ ገለጸልኝ። ችግሩ እውነት ነውና አዘንሁለት። ቢሆንም «ወንድሜ፣ ያቺ ሰዓት አንተ የሸጥሃት፣ እኔም የገዛኋት ናት። አበበ ቢቂላ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ በ1964ም በቶኪዮ ያሸነፈው ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ኖረውት ነው። ለእንደዚያ ያለ ጀግና የሌላ ሰው ዓይን ካስፈለገው፣ ወገቡን ለታመመ አስተማሪማ ምንኛ ያስፈልገው!» አልሁት።

በዚህም ተስማማን። ሥራችንን እስክንጨርስ ስልኩ በልብስ ሣጥኑ ይቆለፋል። አስቸኳይ ጥሪ የሚጠብቅ እንደሆነ አስቀድሞ ይነግረኛል። እርሱ ከራስጌዬ ሳይቆም እኔ ብረት አልነካም። ቁጥሩንም በደብተር ይጽፋል። ይህ ቢፈርስ ግን ሌላ አሠልጣኝ እንዲሰጠኝ ኃላፊውን እጠይቃለሁ። እነሆ ሁለት ወር ሆነን፤ ውሉም አልፈረሰም።

ይህን ስጽፍ ራሴንም መርምሬአለሁ። ተማሪዎቼ ጽሑፋቸውን ቆመው ሲያነቡ፣ እኔ ከጠረጴዛው በታች ስልኬን ያየሁበት ቀን ጥቂት አይደለም። እናንተስ የመሥሪያ ቤት ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባለጉዳይ ወረቀቱን ይዞ ፊታችሁ ሲቆም ዓይናችሁ ወዴት ነው? ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የብረቱ ክብደት የሚታወቀው ግን ከበታቹ ለተጋደመው ነው።

አንድ አስተማሪ
ከአዲስ አበባ