በሊኑክስ ላይ በሰዓት የታዘዘ ሥራ ሳይፈጸም ሲቀር ሊደረግ የሚገባው ማጣሪያ

ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በውስጡ የሚሠራው ክሮን የተሰኘ ፕሮግራም የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ እንደመያዝ ያሉ ሥራዎችን በታዘዘው ሰዓት ያስፈጽማል። ቅጂው ሳይያዝ ቀርቶ ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ሰነዱን መልሶ ማግኘት አዳጋች በመሆኑ፣ ጀማሪ ተጠቃሚዎች የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ሊያጣሩ ይገባል።

1. የሰዓት አቆጣጠር፦ ክሮን የሚጠቀመው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ በተሁለደሬ ወረዳ ሐይቅ ከተማ የሚገኝ የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪ ሥራው ከምሽቱ 2 ሰዓት እንዲፈጸም አስቦ 2 ብሎ ቢጽፍ፣ ትእዛዙ የሚፈጸመው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። መጻፍ ያለበት ቁጥር 20 ነው።

2. የሰዓት ቀጣና፦ ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። በኮምፒውተሩ ላይ አዲስ አበባ መመረጡን ማረጋገጥ፣ ከተቀየረም ክሮንን እንደገና ማስነሳት ያስፈልጋል።

3. የመብራት መቋረጥ፦ ክሮን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ያለፈውን ሥራ መልሶ አይፈጽምም። በአምባሰልም ሆነ በሌላ ስፍራ መብራት ለሚቋረጥባቸው ተጠቃሚዎች አናክሮን የተሰኘው ፕሮግራም ተመራጭ ነው፤ ያመለጠውን ዕለታዊ ሥራ ኮምፒውተሩ ሲበራ ያስፈጽማል።

4. አድራሻና ፈቃድ፦ ክሮን ፕሮግራሞችን የሚፈልገው በጥቂት ፎልደሮች ውስጥ ብቻ በመሆኑ፣ በእጅ ሲታዘዝ የሚሠራ ስክሪፕት በክሮን ላይሠራ ይችላል። ስለሆነም ሙሉ አድራሻ መጻፍ፣ ለስክሪፕቱ የማስፈጸም ፈቃድ መስጠትና የስሕተት መልእክቶች በፋይል እንዲመዘገቡ ማድረግ ይገባል።

በመጨረሻም ሥራው ከ5 ደቂቃ በኋላ እንዲፈጸም በማዘዝ፣ የተያዘውን ቅጂ ከፍቶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።