በኦቴሎ ድራማ ስለሚታየው ቅናትና ባዕድነት

የሼክስፒር ኦቴሎ የቅናት ድራማ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰውም ወዲህ ታሪኩ ለአንባቢያችን እንግዳ አይደለም። ነገር ግን እኛ በቋንቋችን ምቀኝነትንና ቅናትን ለይተን እንናገራለን፤ በዚህም አነጋገር ምቀኛው ኢያጎ፥ ቀናተኛው ኦቴሎ ነው። ታዲያ የአንዱ ምቀኝነት የሌላውን ቅናት ሊያስነሣ የቻለው በምን መንገድ ነው? በእኔ አስተያየት መንገዱ የኦቴሎ ባዕድነት ነው።

ሼክስፒር ታሪኩን ያገኘው ቺንቲዮ የተባለው ኢጣልያዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1565 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ጥቁሩ የጦር አዛዥ ስም እንኳ የለውም፤ ሙር ተብሎ ብቻ ይጠራል። ሼክስፒር ስም ሰጠው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ትዕይንት ስሙን የሚጠራ አንድም ሰው የለም። ኢያጎና ሮድሪጎ በሌሊት ከብራባንሽዮ መስኮት ሥር ቆመው ሲጮኹ የምንሰማው ስለ መልኩ፥ ስለ ከንፈሩና ከእንስሳ ጋር ስለ መመሳሰሉ ነው። ሰውየውን ሳናይ ስድቡን ሰማን ማለት ነው። ብራባንሽዮ ራሱ ኦቴሎን ደጋግሞ እየጋበዘ የጦር ሜዳ ታሪኩን ያስወራው ነበር። ልጁን ዴዝዴሞናን ማግባቱን በሰማ ጊዜ ግን በመስተፋቅር አታለላት ብሎ ከሰሰው።

የነገሩ ሥር የሚገኘው በሦስተኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት ነው። ኢያጎ እዚህ ላይ ምንም ማስረጃ አያቀርብም። የአገሬን ሴቶች ጠባይ እኔ አውቃለሁ ይላል፤ ይኸው ነው። ኦቴሎ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በጦር ሰፈር የኖረ ሰው ስለ ሆነ የቬኒስን የጓዳ ኑሮ አያውቅም። (እርግጥ ኋላ የኢያጎን ሚስት ኤሚሊያን ይጠይቃታል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የሚያምናት አይደለም።) ቀጥሎ ኢያጎ፥ አባቷን ያታለለች አንተንም ታታልላለች የሚለውን የብራባንሽዮን ማስጠንቀቂያ መልሶ ያነሣል። ከዚህ በኋላ የተፈጥሮ ባሕርይ ከመንገዱ ሊስት ይችላል የሚለውን ሐሳብ የሚጀምረው ኦቴሎ ራሱ ነው፤ ኢያጎም ከአፉ ተቀብሎ፥ የአገሯን ሰው፥ መልኳንና ማዕርጓን የሚመስለውን ትታ አንተን መምረጧ ጤናማ አይደለም ሲል ይፈጽመዋል። ኦቴሎም ብቻውን ሲቀር ሚስቱ የከዳችበትን ምክንያት ሲፈልግ በመጀመሪያ የሚጠራው ጥቁርነቱን ነው። ከመስኮቱ ሥር የተጮኸው ቃል አሁን ከራሱ አፍ ወጣ።

መሐረቡ የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ቶማስ ራይመር እ.ኤ.አ. በ1693 በአንድ መሐረብ የተነሣ ይህ ሁሉ ጥፋት ሆነ ብሎ ያላገጠው ይህን ቅደም ተከተል ባለማስተዋሉ ይመስለኛል። ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1904 ኦቴሎ በጠባዩ ቀናተኛ አይደለም ሲል፥ ሊቪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ፈጥኖ መሸነፉን በማሳየት ተቃወመው። መፍጠኑ እውነት ነው፤ ኢያጎ የነገረው ግን ኦቴሎ በሸንጎ ፊት በጆሮው የሰማውን ስለ ነበረ አዲስ ነገር አልሆነበትም።

ሚስቱን ከገደለና እውነቱን ከተረዳ በኋላ ኦቴሎ ለቬኒስ መልእክተኞች አንድ ነገር ይነግራቸዋል። ይኸውም በአሌፖ ከተማ አንድ ቱርክ የቬኒስን ሰው ሲመታ አይቶ ጉሮሮውን አንቆ እንዴት እንደ ወጋው ነው። እንዲህ ብዬ ወጋሁት ሲል ጩቤውን በራሱ ላይ ያሳርፋል።