የቆየ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያ በአነስተኛ ወጪ ለመግዛት ምን መታወቅ አለበት?

እ.ኤ.አ. በ1983 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው የኒንቴንዶ ኩባንያ "ፋሚኮም" እና በእርሱ እግር የተተኩት በርካታ የቪዲዮ ጨዋታ መሣሪያዎች ማምረታቸው ካበቃ ቆይቷል። ሆኖም በልጅነታቸው የተጫወቱባቸውን መሣሪያዎች ዳግም ለማግኘት የሚሹ ሰዎች ያገለገሉትን እያፈላለጉ ይገዛሉ።

አቅሙ ውስን የሆነ ጀማሪ ከዝናው ይልቅ ከግዢው በኋላ የሚከተለውን ወጪ ማስላት ይኖርበታል። በርካሽ የተገኘ መሣሪያ ጆይስቲክ፣ ገመድና ሚሞሪ ካርድ ከጎደለው በመጨረሻ ከተሟላው በላይ ሊያስወጣ ይችላል።

በዚህ ረገድ የሶኒ ኩባንያ "ፕሌይስቴሽን 2" ለመጀመሪያ ግዢ ተመራጭ ነው። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2000 ለገበያ ከቀረበ ጀምሮ ከ150 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ በመሆኑ እርሱም ሆነ መለዋወጫው ብርቅ አይደለም። በአገራችን ከተሞችም በየሰፈሩ በተከፈቱ የጨዋታ ቤቶች አማካይነት ብዙዎች ያውቁታል። ከዚህም ሌላ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ዲስኮች ስለሚያጫውት በአንድ ግዢ የሁለት ትውልድ ጨዋታዎችን ያስገኛል። የቀድሞዎቹን ጨዋታዎች ውጤት ለማስቀመጥ ግን የቀድሞው ሚሞሪ ካርድ ያስፈልጋል።

ቶሎ የሚደክመው የመሣሪያው ክፍል ዲስክ የሚያነበው ሌንስ ነው። ሲዲና ዲቪዲ የሚነበቡት በተለያየ ጨረር ስለሆነ አንዱን የሚያነብ መሣሪያ ሌላውን ላያነብ ይችላል። ስለሆነም ገዢው ጀርባው ጥቁር የሆነውን የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን ዲስክና አንድ የፕሌይስቴሽን 2 ዲቪዲ ይዞ ሁለቱንም ሳይሞክር ገንዘብ ባይከፍል ይመረጣል። የዲስኩና የመሣሪያው የሽያጭ ክልልም መመሳሰል አለበት፤ ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀ ዲስክ ለአውሮፓ በተሠራ መሣሪያ ላይ አይሠራም።

ከሁሉ የከፋው ኪሣራ የሚደርሰው በኤሌክትሪክ ምክንያት ነው። የአሜሪካ መሣሪያዎች በ120፣ የጃፓን ደግሞ በ100 ቮልት እንዲሠሩ የተዘጋጁ ሲሆኑ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ከውጭ አገር በዘመድ የተላከ መሣሪያ በመሣሪያው ወይም በአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ሳይነበብ ከተሰካ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ጽሑፉ "100-240" የሚል ከሆነ ሥጋት የለም፤ ካልሆነ ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ይላል። የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ የሚቀይረው ርካሽ ማገናኛ ቮልቱን አይቀንስም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ቴሌቪዥንን በተመለከተ አሮጌው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ለእነዚህ ጨዋታዎች ከዘመናዊው ጠፍጣፋ ይልቅ ይስማማል። ምስሉ አይደበዝዝም፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዶቹን የሚቀበል መሰኪያም አብዛኛውን ጊዜ አለው። ቤት ውስጥ ተጥሎ የቆየ ካለ መጣሉ ሊያስቆጭ ይችላል።

በካርትሪጅ የሚሠሩት ቀደምት መሣሪያዎች የሚደክም ሌንስ የላቸውም። አላነብ ሲሉ ካርትሪጁን በአፍ መንፋት የቆየ ልማድ ቢሆንም እርጥበቱ ብረቱን ስለሚያዝግ ጥጥን በአልኮል ነክሮ መወልወል ይሻላል። በአንዳንዶቹ ካርትሪጆች ውስጥ ውጤት የሚያስቀምጥ ትንሽ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲሞት ጨዋታው እንደወትሮው ይሠራል፤ መሣሪያው በጠፋ ቁጥር ግን ተጫዋቹ ከመጀመሪያው ይነሣል። ባትሪውን መለወጥም በብየዳ የሚከናወን በመሆኑ ወደ ጥገና ባለሙያ መውሰድን ይጠይቃል።