ባታበራ የምትሻል ጠብታ

በጎጃም ደጋ ወረንጦ ከአንገት ማተብ ጋር ተንጠልጥሎ የሚዞር ዕቃ ነው። እሾህ ያወጣል። ብዙ ባልቴቶች ግን የሚፈልጉት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ብሌናቸውን የሚቧጭረውን ሽፋሽፍት ለመንቀል ነው። መነሻው ትራኮማ ነው፤ አገሬው የዓይን ማዝ የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒት በክልሉ ለትልቅ ለትንሹ በዘመቻ ሲታደል ቆይቷል። ታዲያ በሽታው መተላለፉን ማቆሙ በምን ይታወቃል?

የተለመደው ዘዴ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ማየት ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሁለት መርማሪዎች አንዱን ዓይን አይተው ላይስማሙ ይችላሉ፣ ጀርሙ ከጠፋም በኋላ ምልክቱ ይቆያል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ደም መለሱ። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ የገባበት ሰውነት አንቲቦዲ ይሠራል፤ አንቲቦዲውም ለዓመታት ይቆያል። ችግሩ አንቲቦዲ በዓይን አለመታየቱ ነው። የሚታየው ብርሃን ሲታሰርበት ነው።

ባንክ ቤት ገንዘብ ተቀባይዋ ብር ኖቱን ሐምራዊ መብራት ስር ስታደርገው አንዳንዱ ምልክት ቦግ ይላል። ይህ ፍሎረሰንስ ነው፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1852 ያወጣለት ጆርጅ ስቶክስ ነው። ቀለሙ አንድ ዓይነት ብርሃን ይውጥና ጉልበቱ የቀነሰ፣ መልኩ የተለየ ብርሃን ይመልሳል። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፦ የላክነውን ብርሃን በማጣሪያ ጋርደን የተመለሰውን ብቻ ማየት እንችላለን። በጨለማ ውስጥ አንዲት ክብሪት ከሩቅ እንደምትታየው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 የሃርቫርድ ተመራማሪዎቹ ማክቢዝና ሽራይበር በአንድ መስታወት ላይ ከ10,000 በላይ የፕሮቲን ነጠብጣቦች ደርድረው፣ የትኛው ከምን እንደሚጣበቅ በሚያበራ ቀለም አሳዩ። ፕሮቲን ማይክሮአሬይ የሚባለው ይህ ነው። ለትራኮማው ሥራ የዋለው የእሱ ወንድም ነው፤ ፕሮቲኖቹ በመስታወት ላይ ከመደርደር ይልቅ ፈሳሽ ውስጥ በሚዋኙ ደቃቅ ዶቃዎች ላይ ይለጠፋሉ። የአንዱ ዶቃ ስፋት 6 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አሥሩ ቢሰለፉ የፀጉር ዘለላ ውፍረት ቢያክሉ ነው። የዶቃው ሆድ በሁለት ቀለማት በተለያየ መጠን ተነክሯል፤ ከሌሎቹ የሚለይበት ስሙ ያ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ፕሮቲን አለ፦ በአንዱ ፒጂፒ3 የተባለው የክላሚዲያ ፕሮቲን፣ በሌላው ጃርዲያ የተባለው የአንጀት ጀርም ፕሮቲን።

ከሕፃኑ ጣት የተወሰደችው ደም በማጣሪያ ወረቀት ላይ ደርቃ፣ ከእርጥበት መጣጭ ጋር ታሽጋ ላቦራቶሪ ትደርሳለች። እዚያ ተዘፍዝፋ ከዶቃዎቹ ጋር ትቀላቀላለች። አንቲቦዲ ካለ የሚያውቀውን ፕሮቲን ይይዛል፤ ያልያዘው ታጥቦ ይሄዳል። ቀጥሎ የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ ሌላ አንቲቦዲ ይጨመራል፤ በእሱም ላይ ፋይኮኤሪትሪን የተባለ ቀለም ይታሰራል። ቀለሙ የሚገኘው ከቀይ የባሕር አልጌ ነው፤ አረንጓዴ ሲያበሩበት ብርቱካንማ ይመልሳል። ከዚያ ዶቃዎቹ ወደ ማንበቢያ ማሽን ይገባሉ፤ አንዱ ብርሃን የዶቃውን ስም ያነባል፣ ሌላው የቀለሙን ድምቀት ይለካል። መታጠቡ ከተጓደለ የተረፈ ቀለም የውሸት ብርሃን ይሰጣል፤ ከማሽኑ ይልቅ የእጥበቱ ነገር ያሳስበኛል።

ማሽኑ «ታሟል» ወይም «አልታመመም» አይልም። የሚሰጠው ቁጥር ነው። ወሰኑን የሚያሰምረው ሰው ነው፣ መያዛቸውና አለመያዛቸው ከታወቀ ሰዎች ደም ጋር አስተያይቶ። በዋግ ኽምራ በተደረገ ጥናት የሕፃናት ደም በዚህ መንገድ ተመርምሮ፣ ከአንድ ጠብታ የትራኮማም የአንጀት ጀርሞችም አሻራ ተነቧል።

የአዋቂ ደም እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የጥንቱን ከዛሬው አይለይምና። ወሬ ያላቸው ሕፃናቱ ናቸው። የሦስት ዓመቱ ከአንድ ዓመቱ፣ የአምስቱ ከሦስቱ እየበለጡ የሚያበሩ ከሆነ በሽታው አሁንም ይተላለፋል። ከዘመቻው በኋላ የተወለዱት ሁሉ ጨለማ ከሆኑ ሥራው ሠምሯል። ውጤት ሳይበራ ደስ የሚያሰኝበት ምርመራ ይህ ነው።

ይህ ምርመራ ለሁሉም በሽታ ግን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ከመቶው 3.3ቱ በእግር ዝሆኔ የተያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ዝሆኔ የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ ነው። ጀርም የለውም፤ ስለዚህ ዶቃው ላይ የሚለጠፍ የጀርም ፕሮቲንም የለም። እዚያ የሚሻለው ጫማና የእግር መታጠቢያ ነው።

የጥናት ሠራተኞች በራችሁን አንኳኩተው የልጃችሁን ጣት ሲጠይቁ፣ ምን ሊመረምሩ እንደሆነ ጠይቋቸው፤ መብታችሁ ነው። ከዚያ ጣቱን ስጧቸው።