የላኩት ሰነድ የት ገባ? የጃቫ ድረ-ገጾች ፋይል የሚያስቀምጡበት መንገድና አደጋው

አንድ ሥራ ፈላጊ የትምህርት ማስረጃውን በአንድ ተቋም ድረ-ገጽ በኩል ላከ እንበል። "ሰነድዎ ደርሶናል" የሚል መልዕክትም ተመለሰለት። ከሳምንታት በኋላ ተቋሙ ድረ-ገጹን ሲያሻሽል ግን የሰነዱ ደብዛ ጠፋ። የሰረቀውም ሆነ ሆን ብሎ የሰረዘው ሰው የለም።

በርካታ አገልግሎቶች ከወረቀት ወደ በይነ መረብ እየተሸጋገሩ ባሉበት በዚህ ወቅት፣ እንዲህ ያለውን ጉዳት ከሚያስከትሉ ስህተቶች አንዱ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ይጀምራል፦ ፕሮግራሙ ፋይሉን የት ነው የሚያስቀምጠው?

አድራሻው ከየት ይነሳል?

እአአ በ1995 ይፋ የሆነው ጃቫ፣ ባንኮችና ትልልቅ ተቋማት በስፋት የሚገለገሉበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

የፋይል አድራሻ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ አድራሻ ከኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ፎልደር ተነስቶ መንገዱን እስከ መጨረሻው ይዘረዝራል። አንጻራዊ አድራሻ ደግሞ "አሁን ካለሁበት" ብሎ ይጀምራል።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው "ያለሁበት" ሲል የድረ-ገጹን ፎልደር ያስባል። ጃቫ ግን የሚረዳው ሰርቨሩ ሥራ ሲጀምር የነበረበትን ፎልደር ነው። በዚህም ምክንያት በባለሙያው ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን የሠራው ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ሲጫን "ፋይሉ አልተገኘም" ሊል ይችላል።

ሰነዶች ለምን ይጠፋሉ?

አንዳንዶች ችግሩን ለመፍታት ሰነዶችን በድረ-ገጹ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣሉ። ይሁንና እንደ ቶምካት ያሉ ሰርቨሮች የድረ-ገጹ አዲስ እትም ሲመጣ የቀድሞውን ፎልደር አጥፍተው አዲሱን ሊዘረጉ ይችላሉ። የተጠቃሚዎች ሰነድም አብሮ ይጠፋል።

ለጥቃትስ እንዴት ያጋልጣል?

በፋይል አድራሻ ውስጥ ሁለት ነጥቦች "ወደ በላዩ ፎልደር ተመለስ" የሚል ትርጉም አላቸው። ፕሮግራሙ ከተጠቃሚው የመጣውን የፋይል ስም ሳያጣራ ከተቀበለ፣ አጥቂ "../../" የሚል ስም ልኮ ከተፈቀደለት ፎልደር ይወጣል።

እአአ በ2018 ይፋ የሆነው "ዚፕ ስሊፕ" የተሰኘ ክፍተት በታሸጉ ፋይሎች ውስጥ የተደበቁ እንዲህ ያሉ ስሞችን የሚመለከት ነበር። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ አፓቺ ስትራትስ በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ ላይ፣ አጥቂ ፋይሉን ካልተፈቀደ ቦታ አስቀምጦ ሰርቨሩን እስከ መቆጣጠር ሊያደርሰው የሚችል ክፍተት ተገኝቷል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው እርምጃ የተጠቃሚዎችን ሰነድ ከድረ-ገጹ ፎልደር ውጭ ማኖር ነው። ሙሉ አድራሻውም ኮዱ ውስጥ ሳይሆን በሰርቨሩ ማዋቀሪያ ላይ ይጻፋል። ከድረ-ገጹ ጋር ታሽገው የሚመጡ ፋይሎችን ደግሞ በዲስክ አድራሻ ከመፈለግ ይልቅ እንደ ፕሮግራሙ አካል ማንበብ ይሻላል።

ሁለተኛው ለሚደርሰው ፋይል ስርዓቱ ራሱ አዲስ ስም እንዲሰጠው ማድረግ ነው። የተጠቃሚውን ስም መጠቀም ግድ ከሆነ፣ አስቀድሞ ነጥቦቹን ፈትቶ የመጨረሻውን አድራሻ ማግኘት፣ ከዚያም አድራሻው ከተፈቀደው ፎልደር አለመውጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ንጽጽሩ በፊደል ብቻ ከሆነ "ሰነድ" እና "ሰነድ2" የተባሉ ሁለት ፎልደሮች ሊምታቱ ስለሚችሉ፣ አድራሻዎቹን ፎልደር በፎልደር ማነጻጸር ይገባል።

ለባለሙያው ይህ የጥቂት መስመር ኮድ ሥራ ነው። ለሥራ ፈላጊው ግን የዓመታት ድካሙ ማስረጃ ጉዳይ ነው።