ለንግድ ቤት የሚስማማውን የሞባይል ኢንተርኔት ስለ መምረጥ

ስልክ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ አንሥቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ነጋዴው የስልክ አገልግሎት የሚሰጠውን ድርጅት የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ግን ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ተወዳዳሪዎች ተገኝተዋል። ምርጫ መኖሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚገዛውን ዕቃ መመዘን የማይችል ገዢ ሻጮች ስለ በዙለት ብቻ አይጠቀምም።

ብዙ ነጋዴዎች አስቀድመው የሚጠይቁት የጥቅሉን ዋጋና በማስታወቂያ የተነገረውን ፍጥነት ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ መለኪያውን ማወቅ ይቀድማል። ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን የሰነድ መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ፣ በሴኮንድ 20 ሜጋቢት የተባለ መስመር በሴኮንድ የሚያወርደው 2.5 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር መላክና መቀበል የተለያዩ መሆናቸው ነው። በሞባይል መስመር የመላኪያው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከመቀበያው ያንሳል፤ ማስታወቂያ የሚያጐላው ግን መቀበያውን ነው። ፊልም ለሚመለከት ሰው ይህ አያሳስበውም፤ ነጋዴ ግን ሰነድ የሚልክ ሰው ነው። አንድ አስመጪ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና የጭነት ሰነዱን በስካነር አንሥቶ 30 ሜጋባይት የሚሆን ፋይል ለጉምሩክ አስተላላፊው ይልካል እንበል። የመላኪያው ፍጥነት በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ከሆነ ሥራው በ2 ደቂቃ ያልቃል፤ ወደ 0.2 ሜጋቢት ከወረደ ግን 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በመካከሉ ከተቋረጠም እንደገና ከመጀመሪያው ሊጀመር ይችላል። ቀኑ ዓርብ፣ ሰዓቱም ዐሥር ሰዓት ተኩል ከሆነ ዲክላራሲዮኑ ለሰኞ ይተላለፋል። ነጻ ጊዜው ያለቀ ኮንቴይነር በሞጆ ደረቅ ወደብ ውሎ ባደረ ቍጥር ግን ወጪው በነጋዴው ላይ ይቈጠራል። በጥቅል ዋጋ የተረፈው ጥቂት ብር በዚህ መንገድ ተመልሶ ይወጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታ ነው። ከፍ ባለ ድግግሞሽ የሚተላለፍ ሞገድ ብዙ መረጃ ቢሸከምም ሩቅ አይሄድም፣ ግድግዳም ያዳክመዋል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ ይርቃል፣ ሕንጻም ውስጥ ይሻላል። ስለዚህ በመርካቶ መንገድ ዳር የተለካ ፍጥነት በምድር ቤት ወይም በቆርቆሮ በተከበበ መጋዘን ውስጥ ላይገኝ ይችላል። በአዲስ አበባ 4ጂ በመጋቢት 2007 ዓ.ም.፣ 5ጂ ደግሞ በሙከራ መልክ በግንቦት 2014 ዓ.ም. ተጀምረዋል፤ ነገር ግን የነጋዴው ስልክ ወይም ራውተር 5ጂን የማይቀበል ከሆነ ማማው ደጁ ላይ ቢቆምም አይጠቅመውም።

ሦስተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው። በአንድ ማማ ሥር ያሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ አቅሙን ይካፈላሉ፤ ብዙ ሰው ሲገናኝ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። የኒውዮርክ የቡና ገበያ በአገራችን ሰዓት እስከ ምሽት ስለሚዘልቅ፣ ቡና ላኪው ዋጋ የሚከታተለውና ለገዢው መልስ የሚሰጠው ሌላው ሰው ከሥራ ወጥቶ ስልኩን በሚከፍትበት ሰዓት ነው። በጠዋት ተለክቶ ደኅና የተባለ መስመር ለእርሱ ዋስትና አይሆንም።

ዋጋንም ሲያነጻጽሩ የጥቅሉን የአገልግሎት ዘመን መመልከት ይገባል። 10 ጊጋባይት ተገዝቶ 5ቱ ሳይሠራበት ጊዜው ቢያልፍ፣ ለእያንዳንዱ ለሥራ ለዋለው ጊጋባይት የተከፈለው ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ሥራው ወቅታዊ የሆነ ባለሱቅ ትልቁን ጥቅል ስለ ረከሰ ብቻ ቢገዛ ትርፍ አያገኝም።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ አስቸጋሪ አይደለም። ከሁለቱም ድርጅቶች ሲም ካርድና አነስተኛ ጥቅል ገዝቶ፣ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ በጽሕፈት ቤቱና በመጋዘኑ ውስጥ መለካት፤ የመላኪያውን ፍጥነት፣ የመቀበያውንና የተቋረጠበትን ጊዜ በመዝገብ መጻፍ ነው። ከዚያም በሥራው ቦታና ሰዓት የተሻለው ዋና መስመር ይሁን። ሌላው ግን አይጣል፤ ጥቂት ጥቅል እየተሞላለት በመጠባበቂያነት ይቀመጥ። የአንድ ድርጅት ሁለት ሲም ካርዶች አብረው ሊቋረጡ ስለሚችሉ መጠባበቂያ ሊሆኑ አይበቁም። ባንኮችና ደንበኞች የሚያውቁት የቆየ ቍጥርም በሥራ ላይ ይቈይ። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ያለ ነጋዴ የራሱ ባትሪ ያለውን ራውተር ቢመርጥ ይጠቀማል። ቴሌብርም በ*127# ያለ ዳታ እንደሚሠራ ገንዘብ ያዡ ቢያውቅ ዳታ በተቋረጠ ጊዜ ክፍያ ከመቆም ይድናል።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ በማስታወቂያ ብቻ ተማምኖ የመረጠ ነጋዴ ሥራው በሚጣደፍበት ቀን ስሕተቱን ይገነዘባል። አንድ ሳምንት ታግሦ የመዘገበ ግን የሚከፍለው ለምን እንደ ሆነ ዐውቆ ይከፍላል።